ሦስት ስንዝር ከአራት ጣት

ይህን ነገር ለብዙ ሰው በብዙ መንገድ አውርቼዋለሁ። አንዳንዴ ራሴን ጀግና አድርጌ፣ አንዳንዴ ቂል አድርጌ። ዛሬ እንደነበረው ልናገረው። እንደነበረው ሲነገር ግን ለእኔ ደስ አይልም።

በሰባ ስድስት ዓ.ም. በጋ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሐሙሲት አጠገብ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ እንቆፍር ነበር። እኔ የመቆፈሪያው ትራክተር ሹፌር ነበርኩ። የናዝሬት ልጅ ነኝ፤ ሥራ አምጥቶኝ ነው እንጂ ጣናን በካርታ ላይ ብቻ ነበር የማውቀው። ትራክተሩ ሩሲያ ሠራሽ ነው። ከኋላው የሚታጠፍ የብረት ክንድ አለው፤ ከክንዱ ጫፍ ደግሞ ጥርስ ያለው ትልቅ አካፋ። አፈር ለመዛቅ እሱን የሚያህል አልነበረም። ድንጋይ ላይ ሲደርስ ግን ያሳፍር ነበር። የሐሙሲት ድንጋይ ጥቁርና ድቡልቡል ነው፤ አካፋው ላይ ወጥቶ ይቀመጥና ልክ ወደ ላይ ሳነሣው ተንሸራቶ ይወርዳል። ስለዚህ አሥራ ሁለት የቀን ሠራተኞች በድጅኖ እያንከባለሉ ያወጡት ነበር፤ እኔ ከላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ከእነሱ አንዱ አገኘሁ ይባላል። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከአካፋዬ ያመለጠ ድንጋይ የቀኝ እግሩን ጣቶች ጨፈለቃቸው። ማንም እኔን አልወቀሰኝም። አገኘሁ ራሱ «ድንጋዩ ነው እንጂ አንተ ምን አደረግህ» አለኝ። ባይለኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሸዋዬ ሻይ ቤት ምሳዬን ስበላ የገዛ እጄን ማየት ጀመርኩ። አውራ ጣቴን መዳፌ ውስጥ አጥፌ በአራቱ ብቻ ለመጉረስ ሞከርኩ። ሽሮው ጉልበቴ ላይ ወረደ። እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ወረደ።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለች ሸዋዬ፣ ወገቧን ይዛ።

«አውራ ጣቴን ደብቄው ነው።»

«ከማን? እጅህ እንደሁ ድሮም የሙሽራ እጅ ናት፣ ጭራሽ ታሳንሳታለህ?»

በእጄ ማነስ የማይቀልድብኝ አልነበረም። እኔ ግን ያን ቀን አልተናደድኩም። አውራ ጣቴን አውጥቼ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለልኩና ወደ ትራክተሩ ሮጥኩ።

ነገሩ ቀላል ነበር። ከክንዱ በታች አንድ ጠንካራ ብረት ይተከላል፤ አካፋው ሲታጠፍ ድንጋዩ በአካፋውና በብረቱ መካከል እንደ ጉርሻ ይያዛል። የቀረኝ ልኩ ብቻ ነው። ሜትር አልነበረኝም። የመሥሪያ ቤታችን ሜትር ባሕር ዳር ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል፤ የግምጃ ቤቱ ሰው ደግሞ ቁልፉን ይዞ መሠረተ ትምህርት ሊያስተምር ዘምቷል። ስለዚህ ማንም ሰው እንደሚያደርገው በእጄ ለካሁ። የሲጋራ ፓኮ ቀድጄ በነጩ በኩል ሥዕሉን ሣልኩ፤ ከሥሩም «ርዝመቱ ሦስት ስንዝር ከአራት ጣት» ብዬ ጽፌ ወደ ባሕር ዳር በሚወርድ አውቶቡስ ለጋሼ ኑርሑሴን ላክሁላቸው።

ጋሼ ኑርሑሴን የጋራዣችን በያጅ ነበሩ። ቤተሰባቸው ወረታ ውስጥ የታወቀ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ሱቁ ሲዘጋ እሳቸው በአርባ ዓመታቸው ብየዳ ተማሩ። ረጅም ሰው ናቸው። ሲጨብጡኝ እጄ እጃቸው ውስጥ ገብታ ትጠፋ ነበር። ትንሽ ይናገራሉ፤ የሠሩትን ነገር ግን ሳይዳብሱት አያስረክቡም፤ ልክ ጨርቅ እንደሚዳብስ ሰው።

በአምስተኛው ቀን ያን የብረት ጣት በጭነት መኪና ጭነው ራሳቸው መጡ። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ፣ ጭነት ከሚሸከመው ጠፍጣፋ ብረት፣ ነው የሠሩት፤ ሁለቱን ደርበው በይደው፣ ጫፉን እንደ ጥፍር ቆልምመውታል። እኔ እንዲህ ያምራል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። በሁለት ወፋፍራም ብሎን ክንዱ ላይ ስናስረው አገኘሁ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ መንገድ ዳር ተቀምጦ ያየናል። ዘበኛ አድርገውት ነበር።

ጋሼ ኑርሑሴን ራቅ ብለው ቆሙና አንገታቸውን አዘነበሉ።

«አስናቀ፣ ረዘመብኝ። አካፋው ባዶውን ሲታጠፍ ጫፉ ከውስጥ ይገጨዋል። ልቁረጠው።»

«ልኩ እኮ የኔ ነው ጋሼ፤ አይሳሳትም። ደግሞ ቢረዝም ምናለበት? ትልቅ ድንጋይ ያቅፋል።»

«እስቲ ባዶውን እጠፈውና እንየው።»

«ነገ ሥራውን የሚጎበኙ እንግዶች ይመጣሉ። እንግዶቹ ይሂዱና ይቆርጡታል።»

«እሽ» አሉ። «ሹፌሩ አንተ ነህ።»

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሣን። አካፋው ተጠጋ፣ ጣቱ ደገፈው፣ ድንጋዩ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ሠራተኞቹ ድጅኖአቸውን ጥለው «ጎረሰ! ጎረሰ!» እያሉ ጮሁ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሠላሳ ድንጋይ አወጣን፤ አንድም አላመለጠ። ጣቱ ባይኖር ከዚያ ሁሉ ድንጋይ አንዱም ያለ ሰው ጉልበት አይወጣም ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ወደ ሸዋዬ ቤት ሄደን ሻይ አዘዝን። ጋሼ ኑርሑሴን እንደ ወትሯቸው ዝም አላሉም፤ የደስታ ወሬ መጣላቸው።

«አባቴ ሱቅ ገበሬ ጨርቅ ሊገዛ ሲመጣ ብቻውን አይመጣም ነበር» አሉ። «ክንደ ረጅም ዘመዱን ፈልጎ ይዞ ይመጣል፣ በዚያ ክንድ እንዲለካለት። አባቴ ደግሞ ከጓዳ አጎቴን ይጠራል። አጎቴ እንዲህ ነው፣ ሕፃን ያህላል። በማን ክንድ ይለካ እየተባባሉ ፀሐይ ትጠልቅ ነበር። እኔ መኻል ቁሜ ስስቅ አንድ ቀን በጥፊ ተመታሁ።»

እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ሸዋዬም ሳቀች። ሦስታችንም እዚያ ነበርን፣ የሁላችንም እጅ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አንዳችንም ምንም አላሰብንም።

በማግስቱ እንግዶቹ በሁለት ላንድሮቨር መጡ። የመጡትን የሚያስተናግደው የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ጓድ አንዳርጋቸው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያየውን ነገር ሁሉ ንግግር ማድረግ ግን ይወዳል። ሰባት ድንጋይ አነሣሁላቸው። አጨበጨቡ። ጓድ አንዳርጋቸው ግን ልቡ አልረጋም፤ ወደ እንግዶቹ ዞሮ «ይህ የሠራተኛው እጅ ነው!» አለ። ከዚያም ወደ እኔ፦ «ጓድ አስናቀ፣ እስቲ እጁ ጡጫውን ያንሣልን!»

የዚያን ዘመን ስብሰባ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። መፈክር ሲባል ግራ እጅ ተጨብጦ ይነሣል፤ ያላነሣ ይታያል። እንግዶቹ አነሡ። ሠራተኞቹ አነሡ። አገኘሁም ከተቀመጠበት አነሣ። እኔም የብረቱን ክንድ ወደ ሰማይ ዘረጋሁና ባዶውን አካፋ ማጠፍ ጀመርኩ።

ግማሽ ላይ ክንዱን የማንቀሳቅስበት እጀታ እጄ ውስጥ ጠነከረ። የጣቱ ጫፍ አካፋውን ከውስጥ ገጭቶታል። ከታች ጋሼ ኑርሑሴን «ተው! መልሰው!» እያሉ ሲጮሁ ሰማሁ። በደንብ ሰማሁ። ግን ያ ሁሉ ሰው እጁን አንሥቶ የእኔን ጡጫ ይጠብቃል፣ እንዴት ልመልሰው? ገፋሁት።

ጧ አለ። አካፋውን የሚያጥፈው የፒስተን ዘንግ እንደ እርጥብ እንጨት ጎበጠ፣ የዘይቱ ጎማ ፈነዳ፣ ዘይቱ የጓድ አንዳርጋቸውን ካኪ ኮት ከአንገት እስከ ወገብ አለበሰው። ከዚያ ክንዱ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ በተነሡት እጆች ሁሉ ፊት ወደ መሬት ወረደ። የሳቀ ሰው አልነበረም። መሳቅ ያማረው ግን ብዙ ነበር፤ ነገሩን ያከፋውም ይኸው ይመስለኛል።

«ይህን ማነው የሠራው?» አለ ጓድ አንዳርጋቸው ፊቱን እየጠረገ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ኑርሑሴን።

«የወረታው ነጋዴ ልጅ» አለ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል። ቀጥሎ «አሻጥር» የሚለውን ቃል አወጣው።

እነሱ ሲነጋገሩ እኔ ክንዱ ሥር ተንበርክኬ ጣቱን በእጄ ለካሁት። አራት ስንዝር ከሦስት ጣት። መጀመሪያ አላመንኩም፤ ደግሜ ለካሁ። ከዚያ ቀና ብዬ የጋሼ ኑርሑሴንን እጅ አየሁ። ያን ትልቅ እጅ። ሦስት ስንዝር ከአራት ጣት ብያቸው ነበር፤ እሳቸውም አንድ ጣት ሳያጓድሉ ሦስት ስንዝር ከአራት ጣት ሠርተውልኛል፣ በእሳቸው ስንዝር። የማን ስንዝር እንደሆነ እኔ አልጻፍኩም። ረዘመብኝ ሲሉኝ ልኩ የኔ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። ተው ሲሉኝ የገፋሁትም እኔ ነኝ።

ላንድሮቨሩ ውስጥ ሲያስገቧቸው እዚያው ቆሜ ነበር። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ አሻጥር ማለት ከሥራ መባረር ብቻ አልነበረም። በዚያ ቃል የገቡና ያልወጡ ሰዎችን ስም ባሕር ዳር ውስጥ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ጮክ ብሎ አይጠራም። ጋሼ ኑርሑሴንን ቀበሌ እስር ቤት አስቀመጧቸው፤ ጉዳዩ ቅዳሜ በጋራዡ ስብሰባ እንዲታይ ተወሰነ። ትራክተሩ ስለቆመ እኔም ወደ ባሕር ዳር ተመለስኩ። ግሽ አባይ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አራት ቀን ሙሉ ለራሴ ምክንያት ስፈልግ ዋልኩ። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ይራሩላቸዋል አልኩ። ልኩን የጻፍኩበት ወረቀት ጠፍቶ ይሆናል አልኩ። እኔ ባልናገር ማን ያውቃል አልኩ። የመጨረሻው ነው እውነተኛው።

ሐሙስ በስድስት ሰዓት ላይ ባለቤታቸው እትዬ ጀሊላ በሬን አንኳኩ። ባዶ የምሳ ዕቃ ይዘዋል።

«ግቡ እትዬ» አልኩ፣ ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ።

«አልገባም፣ ምሳውን አድርሼ መመለሴ ነው። ለአስናቀ ንገሪው ብሎኝ ነው የመጣሁ። ‹ስለ ወረቀቱ አልጠየቁኝም፣ እኔም አላነሣሁትም፤ እንዳይጨነቅ በይው› ብሎሃል።» የምሳ ዕቃውን በሌላ እጃቸው ያዙና «የምን ወረቀት ነው?» አሉኝ።

ሴትዮዋ አያውቁም። ባላቸውን ከዚያ ቤት ሊያወጣ የሚችለውን ነገር ሳያውቁ፣ በገዛ አፋቸው ለእኔ አድርሰውልኛል።

«የሥራ ወረቀት ነው» አልኩ።

«እሽ፣ አላህ ያቅልላችሁ» ብለው ሄዱ። ሐይቁ ዳር እስኪደርሱ በመስኮት አየኋቸው፤ የምሳ ዕቃው ክዳን በያንዳንዱ እርምጃቸው ይንኳኳ ነበር። እኔ ምሳ አልበላሁም። አፍሬ ነበር፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን ፈርቼ ነበር፣ ሁለቱን አላምታታም።

ቅዳሜ ጋራዡ ሞላ። ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ቀይ ጨርቅ ተነጥፎ፣ በላዩ የብረቱ ጣት ተቀምጧል። ጋሼ ኑርሑሴን ከጎኑ ቆመዋል። በአምስት ቀን ውስጥ ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል። አገኘሁም በምርኩዝ መጥቶ ከኋላ ተቀምጧል።

«የልኩን ወረቀት ማነው የሰጠህ?» አለ ጓድ አንዳርጋቸው።

ጋሼ ኑርሑሴን ወደ እኔ አላዩም። «እኔው ነኝ የለካሁት» አሉ። «በስንዝር ለካሁ።»

«አሥር ዓመት የበየደ ሰው አንድ ብረት ሲለካ ይሳሳታል? ወይስ ዓላማ ነበረው?»

ጋሼ ኑርሑሴን ቀዩን ጨርቅ በጣታቸው ዳበሱ። ጓድ አንዳርጋቸው እስክሪብቶውን አነሣ። ያን እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲወርድ ባላየው ኖሮ አሁንም እላለሁ፣ አልነሣም ነበር። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አንድ በአንድ አሰብኩት፤ የእትዬ ጀሊላ የምሳ ዕቃ ከዚህ ቀበሌ ወደ ሌላ፣ ከዚያ ደግሞ ወደማይታወቅ ቦታ ሲሄድ።

«ልኩ የኔ ነው» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ሁሉም ዞረ። በወንበሮቹ መካከል አልፌ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። «ከሐሙሲት ሦስት ስንዝር ከአራት ጣት ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። የኔ ስንዝር ይቺ ናት።» እጄን ብረቱ ላይ ዘርግቼ ለካሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ በላዩም ሦስት ጣት። «ጋሼ፣ እባክዎን እርስዎም ይለኩ።»

ጋሼ ኑርሑሴን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩኝ። እጃቸውን ብረቱ ላይ ጣሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስንዝር፣ በላዩም አራት ጣት። አራተኛው ጣታቸው በብረቱ ጫፍ ላይ ልክ አበቃ። ከተሰበሰበው ሰው «እህ» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ይርዘም ያልኩት እኔ ነኝ። መልሰው ሲሉኝ የገፋሁትም እኔ ነኝ» አልኩ። ከጀመርኩ በኋላ ቀለለኝ።

«እንግዲያው አሻጥረኛው አንተ ነህ?» አለ ጓድ አንዳርጋቸው።

ከኋላ የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ። አገኘሁ ተነሥቶ ነበር። ሰው በተሰበሰበበት ተናግሮ አያውቅም፤ ላብ አጥምቆታል።

«ጓድ፣ ያ ጣት አንድ ከሰዓት በኋላ ሠርቷል» አለ። «ሠላሳ ድንጋይ ሲያወጣ ቁጭ ብየ ቆጠርሁ። ያን ቀን የማንም እግር አልተነካም። እኔ ይኸን ብቻ ነው የማውቅ።» ተቀመጠ።

ጓድ አንዳርጋቸው የእስክሪብቶውን ክዳን ገጥሞ መልሶ ከፈተው። ምናልባት ጡጫ ይነሣ ያለው ማን እንደነበር ትዝ ብሎት ይሆናል፤ ያን ያነሣ ግን አልነበረም፣ እኔም አላነሣሁም፣ ጀግንነቴ እስከዚያ አይደርስም። በመጨረሻ «የጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ ጻፈ። ጋሼ ኑርሑሴን ያኑ ቀን ቤታቸው ገቡ። እኔ ከትራክተሩ ወርጄ ለስድስት ወር በቀን ሠራተኝነት እንድሠራ ተፈረደብኝ።

ሐሙሲት ስመለስ አገኘሁ ቦዩ አፍ ላይ ጠበቀኝ። «ይኸውልህ» ብሎ የራሱን ድጅኖ ሰጠኝ። የእጅ ላብ አለስልሶታል። ሸዋዬ ምንም አልቀለደችም፤ ያን ሰሞን ግን ሽሮዬ ላይ ቅቤ ትጨምርልኝ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ የተጠገነው ክንድ መጣ። ሠራተኞቹ ጣቱ እንዲመለስ ደጋግመው ስለጠየቁ ጋሼ ኑርሑሴን አዲስ ባሌስትራ ይዘው መጡ፣ ገና ያልተቆረጠ። አዲሱን ሹፌር ሰላም ብለው አልፈው፣ ድንጋይ ሥር ድጅኖ አስገብቼ ስታገል ወደነበርኩበት ወደ እኔ ወረዱ። ብረቱን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የሲጋራ ፓኮ ቅዳጅ አወጡ።

የራሴን ጽሕፈት አወቅኩት። «ቀበሌ አልፈተሹዎትም እንዴ?»

«ፈትሸውኛል። ሲጋራ እንደማላጨስ አላወቁም፤ ባዶ ፓኮ ነው ብሎ መለሰልኝ የፈተሸኝ ልጅ።»

«ታዲያ ለምን አላሳዩዋቸውም? አምስት ቀን ሙሉ!»

«ባሳያቸው አንተን ማስገባቴ ነዋ።» ብረቱ ላይ ያለውን አቧራ በመዳፋቸው ጠረጉ። «ደግሞ የኔም ጥፋት አለበት። በክንድ ጉዳይ ጥፊ የቀመስሁ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ የማን ስንዝር ነው ብየ አለመጠየቄ!»

ሊስቁ ነበር፣ ግን አልሳቁም። እኔ ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ሲያንቀኝ የነበረውን ጠየቅኳቸው።

«ስብሰባው ላይ ባልነሣ ኖሮስ ጋሼ?»

«ያኔም ይችን ወረቀት አላወጣትም ነበር።»

«ከዚያስ?»

ጋሼ ኑርሑሴን ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡ። ከሥሩ አዲስ የተገዛ ሜትር ሲያብለጨልጭ አየሁ፤ እዚያው ተዉት።

«ከዚያማ ባንተ ስንዝር ሁለተኛ አልለካም ነበር» አሉ። «በል እጅህን አምጣ።»

ድጅኖውን ጣልኩ። አፈሩን በሱሪዬ ጠርጌ እጄን ብረቱ ላይ ዘረጋሁ፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው በትንሿ ጣቴ ጫፍ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉ።